ጣና በፍርድ ቤት ቢቆም ማን ይናገርለታል?

ባሕር ዳር፦ እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ መከሰቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ከታወቀ ወዲህ፣ በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረው አርሶ አደር ከእርሻ ቀኑ እየቀነሰ፣ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል ቆይቷል። ማሽኖች ገብተዋል፤ ከሀገር ውስጥና ከውጭ ገንዘብ ተዋጥቷል፤ ዘመቻ ላይ ዘመቻ ታውጇል። አረሙ ግን ከአንዱ ዳርቻ ሲነቀል በሌላው ብቅ ማለቱን አልተወም። በእነዚህ ዓመታት ስለተነቀለው ሄክታር ብዙ ተነግሯል። በሐይቁ ላይ የደረሰው ጉዳት በሕግ ዓይን የማን ጉዳት እንደሆነ ግን እምብዛም አልተጠየቀም።

በሕጋችን ጣና ንብረት ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል፤ የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ውኃን የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል። አንቀጽ 44 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያረጋግጣል፤ ይህ መብት ግን የሰው መብት ነው። ንብረት ሲጎዳ አቤት የሚለው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ሁሉም ሰው በሆነ ጊዜ ግን ማን ቀድሞ እንደሚነሣ አይታወቅም፤ የሁሉም የሆነው ነገር የማንም ሳይሆን ይቀራል። ዓሣ አጥማጁ ገቢው መቀነሱን፣ ከብት አርቢው ግጦሹ በአረም መዋጡን ይናገራል። ሐይቁ ራሱ ተጎዳ ብሎ ለመቅረብ ግን የተዘጋጀ ወንበር የለም።

ይህን ወንበር ለተፈጥሮ ያዘጋጁ ሀገሮች ቁጥር ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ ጨምሯል። ኢኳዶር እ.ኤ.አ. በ2008 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ተፈጥሮ የመኖርና ራሷን የማደስ መብት እንዳላት ደነገገች። ድንጋጌው በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም፤ በ2021 የሀገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሎስ ሴድሮስ በተባለው ጥብቅ ደን ውስጥ ማዕድን እንዳይወጣ የከለከለው በዚሁ መብት ላይ ተመሥርቶ ነው። ኒውዚላንድ ደግሞ በ2017 የዋንጋኑይ ወንዝን የሕግ ሰውነት ያለው አካል አድርጋ እውቅና ሰጠች። ወንዙን ወክለው የሚናገሩ ሁለት ሰዎች ይሾማሉ፤ አንዱን መንግሥት፣ ሌላውን የወንዙ ልጆች ነን የሚሉት የማኦሪ ጎሳዎች ይመርጣሉ። ለወንዙ ጤንነት የሚውል 30 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላርም ተመድቧል። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይኸኛው ነው፤ ሕጉ መብቱን ሲሰጥ ተናጋሪውንና ገንዘቡን አብሮ ሰጥቷል።

ጉዳዩ የሩቅ ሀገር ወሬ አይደለም። የነጭ ዓባይ መነሻ ከሆነው ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የምትገኘው ዩጋንዳ በ2019 ባወጣችው ብሔራዊ የአካባቢ ሕግ፣ በአፍሪካ ቀዳሚ በሆነ ድንጋጌ፣ ተፈጥሮ የመኖርና የሕይወት ዑደቷን ጠብቃ የመቀጠል መብት እንዳላት አውጃለች፤ ይህ መብት ሲጣስ ማንኛውም ሰው ክስ ማቅረብ ይችላል። ሆኖም መብቱ የሚሠራባቸውን ጥብቅ ቦታዎች ሚኒስትሩ በደንብ እንዲወስን ተደርጓል፤ ስለዚህ የአዋጁ ቁልፍ በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2017፣ የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን የተቀደሱ የተፈጥሮ ሥፍራዎችና እነሱን ሲጠብቁ የኖሩ ባህላዊ ሥርዓቶች እውቅናና ጥበቃ እንዲያገኙ አባል ሀገሮችን የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፏል። በአህጉራችን ንቅናቄው የሚቆምበት መሠረት እንግዲህ ይህ ነው፤ አንድ ሕግ፣ አንድ ውሳኔ፣ ከእነሱም በፊት የነበሩ ብዙ የአካባቢ ሥርዓቶች።

«ሐይቅ እንዴት ሰው ይሆናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መንግሥትን በሕግ እንደ ሰው ይቆጥረዋል፤ ቤተ ክርስቲያንንም እንዲሁ። የንግድ ማኅበር በስሙ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ንብረት ያፈራል። የሕግ ሰውነት ሥጋና ደም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ስም፣ ወኪልና ወሰን ነው። በጣና ዳር ደግሞ ከሕግ ሰውነት በፊት የነበረ ልማድ አለ። ዘጌ በበሬ እንዳይታረስ የገዳማቱ ሥርዓት ከልክሎ ኖሯል፤ ዛሬ የቡናው ጥላ የሆነው ደን የተረፈው በዚህ ክልከላ ነው። ክልከላው «የዛፍ መብት» አልተባለም፤ ሥራው ግን የተቀራረበ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ከቀለለ ምክር ቤቱ አንድ አዋጅ ቢያወጣ ምን ይቸግረዋል? ሌሎች የደረሰባቸውን ማየት ያስፈልጋል። በሕንድ የኡታራካንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2017 የጋንጅስና የያሙና ወንዞች እንደ ሰው እንዲቆጠሩ ወሰነ። የግዛቲቱ መንግሥት ይግባኝ ሲል ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ወንዙ ሞልቶ ሰው ቢገድል ካሳውን ማን ይከፍላል የሚል ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጥቂት ወራት ውስጥ ውሳኔውን አገደው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ ላየ ሰው ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ሩዙ በጎርፍ የተወሰደበት ገበሬ ወንዙን ይክሰስ? ወይስ የወንዙን ተወካይ?

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በኢሪ ሐይቅ ዳር ያለችው የቶሊዶ ከተማ በ2014 ክረምት የመጠጥ ውኃዋ በአልጌ መርዝ ተበክሎ፣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ለቀናት ከቧንቧው እንዳይጠጣ ተከልክሎ ነበር። አልጌውን ከሚመግቡት ነገሮች ዋነኛው ከእርሻ ማሳ ታጥቦ የሚመጣ ፎስፈረስ ነው። የከተማዋ ነዋሪዎች በየካቲት 2019 በድምፃቸው ሐይቁ መብት እንዲኖረው ወሰኑ። ወዲያው አንድ የእርሻ ድርጅት ክስ መሠረተ፤ ማዳበሪያ በተጠቀምኩ ቁጥር ለክስ እጋለጣለሁ የሚል ስጋት ነበረው። ከአንድ ዓመት በኋላ የፌዴራል ዳኛው ሕጉ ምን እንደሚከለክል በግልጽ አይታወቅም ብሎ ሻረው። በእኔ አስተያየት ቶሊዶ የተሸነፈችው ፍርድ ቤት ከመግባቷ በፊት ነው። ከተሜው ድምፅ ሲሰጥ፣ ማዳበሪያውን የሚበትነው ገበሬ ከከተማው ክልል ውጭ ስለሆነ በውይይቱ አልነበረም። የተገናኙት በችሎት ነው።

ስፔን በሌላ መንገድ ሄደች። በሙርሲያ የሚገኘው ማር ሜኖር የተባለው የባሕር ዳር ሐይቅም በእርሻ ማዳበሪያ የተጎዳ ነው፤ በ2019 እና በ2021 ዓሣዎቹ አየር አጥተው በገፍ ሞተው ወደ ዳር ተገፍተዋል። ነዋሪዎች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስበው ጉዳዩን ለሀገሪቱ ፓርላማ አቀረቡ፤ በ2022 ሐይቁ የሕግ ሰውነት አገኘ። ሕጉ የተወካዮች ኮሚቴ፣ የክትትል ኮሚሽንና የሳይንስ ኮሚቴ አቋቁሟል፤ በክትትሉ ውስጥ የገበሬዎችና የዓሣ አጥማጆች ማኅበራት ወንበር አላቸው። ሕጉ ተቃውሞ ገጥሞት ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ቢደርስም በ2024 ጸንቷል። ማር ሜኖር ዛሬ ድኗል ለማለት አይደለም። ቢያንስ ግን ገበሬው ተከሳሽ ብቻ ሆኖ አልቀረበም።

ወደ ጣና እንመለስ። እምቦጭ የሚወፍረው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነው። እነዚህ ከየት ይመጣሉ? አንዱ ምንጭ በርብ፣ በጉማራ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ ታጥቦ የሚወርደው አፈር፣ ከአፈሩም ጋር ዩሪያውና ኤንፒኤሱ ነው። ይህ ጸሐፊ በግብርና ኮሌጅ ሳለ ለአንድ ሄክታር ምን ያህል ኩንታል እንደሚበተን፣ መቼና እንዴት እንደሚበተን በሚገባ ተምሯል፤ ከማሳው ያለፈው ወዴት እንደሚሄድ ግን በፈተና ላይ እንኳ ተጠይቆ አያውቅም። ፎስፈረስ በአብዛኛው ከአፈር ጋር ተጣብቆ የሚጓዝ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ በፋርጣ ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከን የሐይቁ መድኃኒት ነው፤ እርከኑን የሚሠራው ሰው ግን ከሐይቁ ዓሣ አያገኝም፣ ሐይቁንም በዓይኑ አይቶት ላያውቅ ይችላል። የሐይቁ መብት ታወጀ ቢባል ይህ ሰው ባለዕዳ ይሆናል ወይስ ባለውለታ? በእኔ እምነት ንቅናቄው የሚነሣውም የሚወድቀውም በዚህ ጥያቄ መልስ ነው። አርሶ አደሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ማዳበሪያ ተጠቀም» ሲባል ኖሮ፣ አሁን በተጠቀመበት ሊጠየቅ አይገባም።

ከገበሬው ሌላም ተጠያቂ አለ። ከባሕር ዳርና ከሌሎች ከተሞች የሚወጣው ፍሳሽ አለ። በክረምት ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞቹ ሲወጣ አፋቸው ላይ የሚዘረጋው ቀጭን የናይለን መረብ አለ። ራሱ መንግሥትም አለ፤ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ከ1988 ዓ.ም ጀምሮ የሐይቁን መውጫ ይዞታል፤ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያም ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ ውኃውን ከሐይቁ ይወስዳል። ሐይቁ የውኃ ከፍታውን የመጠበቅ መብት አለው ከተባለ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተከሳሾች አንዱ አዋጁን ያወጣው መንግሥት መሆኑ አይቀርም። ይህን አስቀድሞ ሳይቀበል መብት የሚያውጅ ምክር ቤት ጌጥ ብቻ ያውጃል።

የሥልጣን ጥያቄም አለ። ጣና ሙሉ በሙሉ በአማራ ክልል ውስጥ ቢገኝም የሚወጣው ዓባይ ክልልና ድንበር ተሻጋሪ ነው፤ እንዲህ ያሉ ውኃዎችን የመወሰን ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ለፌዴራል መንግሥት ተሰጥቷል። ከዚህም የሚከብደው በዓባይ ላይ ያለው ክርክር ነው። ወንዙ ሳይነካ የመፍሰስ መብት አለው የሚል ድንጋጌ በጥንቃቄ ካልተጻፈ፣ ነገ ማንም ወገን የወንዙ ጠበቃ ነኝ ብሎ የላይኛውን ሀገር ልማት ለመክሰስ ሊጠቀምበት ይሞክራል። ስለዚህ በሐይቁና በረግረጉ ጤንነት፣ በብክለትና በዳርቻ ጥበቃ ላይ ተወስኖ መጀመር ብልህነት ይመስለኛል። የወንዙን የፍሰት መብት ለሌላ ቀን ማቆየት ይቻላል።

ተናጋሪው ማን ይሁን ለሚለው የመንዝ ጓሳ ትምህርት አለው። «ቄሮ» በተባለው ጥንታዊ ሥርዓት ኅብረተሰቡ በመረጣቸው ሰዎች አማካይነት የጓሳውን ሣር ለዓመታት ዘግቶ ያቆይና ጊዜው ሲደርስ በሥርዓት ያጭድ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርሰው ጓሳው ባለቤት አጣ፤ ኋላ ኅብረተሰቡ በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ ያዘው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ የሚታዩት ሣሩን የሚፈልጉት ሰዎች ራሳቸው ጠባቂ ስለሆኑ ነው። ለጣናም በባሕር ዳር ቢሮ ብቻ የሚቀመጥ ጠባቂ አይበቃም፤ ታንኳ የሚቀዝፈው፣ ደንገል የሚያጭደው፣ የደሴቱ መነኩሴና የላይኛው ተፋሰስ ገበሬ ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል።

አዲስ አዋጅ እስኪወጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም አያስፈልግም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11፣ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚበክል ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህ ስለ ተፈጥሮ ለመናገር ለማንም የተከፈተ በር ነው፤ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በየቀበሌው አዳራሽ ስለ እምቦጭ በተደረጉ ስብሰባዎች ግን ይህ አንቀጽ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም። ንቅናቄ ለመጀመር ለሚያስቡ የሕግ ባለሙያዎችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን የመጀመሪያው ሥራ ይህን አንቀጽ በአንድ ቁርጥ ባለ ጉዳይ ላይ፣ ለምሳሌ በአንድ የፍሳሽ ቱቦ ላይ፣ መሞከር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ ወሰን ነው። ጣና በመስከረምና በግንቦት አንድ ዓይነት ስፋት የለውም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ውኃው እየሸሸ ሲሄድ የሚተወውን መሬት አርሶ አደሩ «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፣ በየዓመቱም ይጣላበታል። ደንገሉ የሚመነጠረው፣ ዓሣው የሚጠለልበት ረግረግ የሚጠበው እዚያ ላይ ነው። መሬት የሌለው ወጣት ተስፋ የሚያደርገውም እዚያው ነው። ለሐይቁ የሕግ ሰውነት የሚያረቅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በደንቢያ ወይም በፎገራ አንድ ቀበሌ ተቀምጦ ከእነዚህ ሰዎች ጋር መልስ ሊያገኝለት የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ባሕር ሸሹ የሐይቁ አካል ነው ወይስ የገበሬው ማሳ?