ልኩ ሳይታወቅ ዋጋው አይጠየቅ

ልጅዎ «የጊታሬ ብሪጅ ተበላሽቷል፣ ሌላ ይገዛልኝ» ብሎ ቢመጣ ምን ይመልሱለታል? አብዛኞቻችን «ስንት ነው?» እንላለን። እኔ ግን «ልኩ ስንት ነው?» የሚለው ይቅደም ባይ ነኝ። እኛ ገዘር የምንኖር ሰዎች የጊታር ዕቃ የምናስመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ። የማይገጥም ብረት ከመጣ የኮረሪማው ገንዘብ ውኃ በላው ማለት ነው።

ጉዳዩ ወደ ቤታችን የገባው በልጄ በኩል ነው። አጎቷ በሰጣት ያገለገለ ጊታር መዘምራንን ታጅባለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ክሩ እየደጋገመ አንድ ቦታ ላይ ይበጠስ፣ ቅኝቱም መዝሙሩ ሳያልቅ ይወርድ ጀመር። «ከዚህ በኋላ አልሄድም፣ ሰው ፊት አፈርኩ» እስከማለት ደረሰች። አያቷ «ምንድን ነው እሱ ብሪጅ የምትሉት?» ሲሉ ክሮቹ የተደገፉበትን ብረት አሳየቻቸው። «በርኩማ ነዋ!» አሉ።

ትክክል ናቸው። ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ብትወጡ የበናና የሐመር ወንዶች ቀን መቀመጫ፣ ማታ ትራስ የምትሆናቸውን በርኩማ በእጃቸው ይዘው ታያላችሁ። በገና ደርዳሪዎችም ክሩን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘውን እንጨት በርኩማ ይሉታል። የጊታሩም ሥራ ያው ነው፤ ክሩን ይደግፋል፣ ከፍታውንና ርዝመቱን ይወስናል። በ1970ዎቹ በሮሃ ባንድ ካሴቶች የሰላም ስዩምን ጊታር ያደመጣችሁ አያቶች፣ ያ ሁሉ ድምፅ በእንዲህ ያለች ትንሽ ብረት ላይ ተደግፎ እንደነበር አስቡት።

መጀመሪያ ግን መቀየሩ ግድ ነው ወይ? ክር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ፣ የተቀመጠበት ብረት ስለት አውጥቶ ሊሆን ይችላል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ማለስለስ ሊበቃ ይችላል። የዛገ ቪቴ ጠብታ ዘይት ተደርጎለት ሲያድር ሊላቀቅ ይችላል። ብረቱ ከተሰነጠቀ ወይም ቪቴው ጥርሱ ተበልቶ ብሩጎላ የማይዝ ከሆነ ግን መቀየር ነው። የእኛው ሁለት ቪቴዎች ጥርስ አልነበራቸውም።

ቀጥሎ ዓይነቱን መለየት ነው። አንዱ እንጨቱ ላይ በቪቴ የታሰረ፣ የማይንቀሳቀስ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ሁለተኛው እንደ ጊብሰን ጊታሮች በሁለት ምሰሶ ላይ የሚቆም ነው። ሦስተኛው ፌንደር በ1954 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስትራቶካስተር የታወቀው፣ ከኋላ ሞላ ያለውና በእጀታ የሚወዛወዘው ነው። ርካሽ ጊታሮች አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ቅጂ ናቸው። የልጄም እንዲሁ ነው።

ለዚህ ለሦስተኛው፣ ከፊት ስድስት ቪቴ ካለው፣ ከመጀመሪያው ቪቴ መካከል እስከ ስድስተኛው መካከል በማስመሪያ ይለኩ። በብዛት የሚገኙት ሁለት ልኮች 56 ሚሊ ሜትርና 52.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው። ልዩነቱ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም ትሉ ይሆናል፤ ሆኖም ቀዳዳው አይገጥምም፣ ክሮቹም ከአንገቱ ጠርዝ ጋር አይስማሙም። ሁለተኛው ልክ የእንጨቱ ውፍረት ነው። ከብሪጁ ሥር ሞላዎቹ የሚያያዙበት ወፍራም ብረት አለ፤ ጊታሩ ቀጭን ከሆነ ብረቱ በጀርባ በኩል ብቅ ይላል። ባለ ሁለት ምሰሶ ከሆነ በምሰሶዎቹ መካከል ያለውን ርቀትና የምሰሶውን ውፍረት ይለኩ። ወርቃማ ቀለም ዓይን ይስባል፤ ግን ላብ ያስለቅቀዋል።

ልጄ ለካች፣ አያቷ ማስመሪያውን ያዙላት፣ እኔ ጻፍኩ። 52.5 ሆነ። ፎቶውንና ቁጥሩን ለአጎቷ ላክን። ሱቅ ውስጥ ሻጩ «ይኼ ለሁሉም ይሆናል» ቢለውም በካሊበር አስለካው፤ 56 ነበር። ሁለተኛው ትክክለኛው ሆነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

ሲገጠም ሁለት ነገር አይረሳ። ወደ ብሪጁ ወይም ከኋላ ወደ ሞላዎቹ ማሰሪያ የምትሄድ ቀጭን ሽቦ አለች፤ ከተላቀቀች ማጉያው ያጉረመርማል። ከዚያ በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ ነካ አድርገው ድምፁን ይስሙ፣ ቀጥሎ ተጭነው ይምቱ። ሲጫኑት ድምፁ ከቀጠነ ክሩ የተቀመጠባትን ብረት በካቻቢቴ ወደ ኋላ፣ ከወፈረ ወደ ፊት ማስኬድ ነው። ሁለቱ እስኪመሳሰሉ ለስድስቱም ክር ይደገማል።

እኔ ጊታር መጫወት አልችልም። ማስመሪያ ማንበብ ግን እችላለሁ፤ እናንተም ትችላላችሁ። ልጅ የሚወደውን ነገር ባናውቅለትም አብረነው ቁጭ ብለን መለካት አያቅተንም። ልጄ ባለፈው እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ተጫውታለች።