ከአልማዝ ብናኝ የሚወጣው ብርሃን ሳይባክን ተሰበሰበ

ኩራዝ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትናል። የእጅ ባትሪ ግን አምፖሉ ትንሽ ቢሆንም ከኋላው ያለው የሚያብለጨልጭ ሳህን ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚልከው ሩቅ ያሳያል። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሮነን ራፓፖርት፣ ቦአዝ ሉቦትስኪና በበርሊን ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ባልደረቦቻቸው በ2025 ይፋ ያደረጉት ሥራ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የእነሱ አምፖል ግን በዓይን የማይታይ የአልማዝ ብናኝ ነው።

አልማዝ የካርቦን አተሞች ድርድር ነው። በድርድሩ መሃል አንድ ናይትሮጅን ገብቶ ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ሲቀር፣ ያ ጉድለት አረንጓዴ ሌዘር ሲያርፍበት ቀይ ብርሃን ይሰጣል፤ ያውም ፎቶን የሚባለውን ቅንጣት አንድ በአንድ፣ ፍሬ እንደሚቆጥር ሰው። ችግሩ አብዛኛው ተበትኖ መቅረቱ ነበር። ስለዚህ ብናኙን እንደ ሰፌድ ዙር በዙር በተሠሩ ጥቃቅን ቀለበቶች መሃል አስቀመጡት። ብረት ብቻውን ብርሃን ይውጣል፤ በመሆኑም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ፣ ብርሃን ግን የሚያሳልፍ ስስ ንጣፍ ተጨመረበት። በዚህ ዘዴ እስከ 80 በመቶ የሚደርሰው ብርሃን ተሰበሰበ።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚደንቀው ይህ ሁሉ በተራ የክፍል ሙቀት መሠራቱ ነው። ብዙ የኳንተም መሣሪያዎች ከዜሮ በታች ከ260 ዲግሪ በላይ ካልቀዘቀዙ አይሠሩም፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ ግዙፍም ውድም ነው።

አንድ በአንድ በሚላክ ፎቶን የተጻፈ መልእክት መሃል ላይ ቢጠለፍ ምልክት ይተዋል፤ የባንክና የመንግሥት ምስጢር ጠባቂዎች የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ለሽማግሌዎች የሚቀርበው ግን ሌላው ጥቅም ነው። ያ የአልማዝ ጉድለት ማግኔትን ይለካል፣ ልብና አንጎልም ደካማ ማግኔት ያመነጫሉ። ብዙ ብርሃን በተሰበሰበ ቁጥር ልኬቱ ይጠራል። ሆኖም ሥራው ገና ከላብራቶሪ አልወጣም፤ ባርዚላይ ሆስፒታል ነገ የሚደርስ መሣሪያ የለም።

«ኳንተም» የሚለው ቃል ግን ቀድሞ ገበያ ወጥቷል። በዲሴምበር 2021 የሆላንድ የጨረር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ከ5ጂ ይከላከላሉ ተብለው የሚሸጡ አሥር ዕቃዎች ራሳቸው ጨረር እንደሚያመነጩ አስጠንቅቆ ነበር፤ ከመካከላቸው «ኳንተም» የተባለ የአንገት ጌጥ ይገኛል። በሺምሾን ሰፈር በር አንኳኩቶ ለጉልበት ሕመም ወይም ለደም ግፊት «የኳንተም አልማዝ» የሚሸጥ ሰው ቢመጣ፣ ዕቃው ከኢየሩሳሌሙ ምርምር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።