ያለ ቅድሚያ ገንዘብ ቤት ለመግዛት ለሚያስቡ የተሰጠ ምክር

ትዳር የመሠረተ ሰው ሁሉ ምኞቱ የገዛ ቤቱን በር ከፍቶ መግባት ነው፤ ይህም የተመሰገነ ምኞት ነው። ዳሩ ግን በአዲስ አበባ ደመወዝ እያላቸው ጥሪት የሌላቸው ወጣት ባልና ሚስቶች ብዙዎች ናቸውና፥ ቅድሚያ ክፍያ ሳንይዝ ቤት ለመግዛት እንችላለንን? ብለው ለሚጠይቁን ጥቂት ቃል ልንጽፍላቸው ወደድን።

አስቀድሞ ባንክ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅበትን ምክንያት ማወቅ ይገባል። ባንኩ ቤቱን በመያዣ ይይዛል፤ ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው ግን ቤቱ በሐራጅ ሲሸጥ ዋጋው ከዕዳው ጐድሎ ሊገኝ ይችላል። ደግሞም የራሱን ገንዘብ ያፈሰሰበት ሰው ቤቱን በቀላሉ አይተወውም።

በ2005 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ለጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ በተደረገ ጊዜ 10 በ90፥ 20 በ80፥ 40 በ60 የተባሉ መንገዶች ቀርበው ነበር። ፊተኛው ቍጥር ቤት ፈላጊው ከመቶ የሚቈጥበው፥ ኋለኛው ባንክ የሚያበድረው ነው። በ10 በ90 የተመዘገበ ሰው በየወሩ 187 ብር ያስቀምጥ ነበር። በዚህ ዘዴ ከባዱ ቅድሚያ ክፍያ ተቈራርሶ የወር ቍጠባ ሆነ፤ ነገር ግን ዕጣው ለሁሉ ስላልደረሰ ከ10 ዓመት በላይ የጠበቁ ብዙዎች ናቸው።

መጠበቅ የሰለቸው ሰው ቅድሚያውን ከዘመድ ወይም ከዕቁብ ለመውሰድ ያስባል። እንግዲህ በምሳሌ እንቍጠረው። የቤቱ ዋጋ 1,000,000 ብር፥ ቅድሚያው 200,000፥ የባንኩ ብድር 800,000 ብር ይሁን። ወለዱ በዓመት ከመቶ 16 ቢሆን የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 128,000 ብር፥ ይኸውም በወር ከ10,600 ብር በላይ ነው። የባልና የሚስት ደመወዝ በአንድነት 25,000 ብር ቢሆንና ለዕቁቡ በየወሩ 5,000 ብር ቢከፍሉ፥ የሚተርፋቸው ከ9,400 ብር አይበልጥም፤ ዋናው ብድር ገና አልተነካም። የልጆች ምግብና የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚህ ሊወጣ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው በእንዲህ ያለ ነገር ይፈጸማል።

ዕቁብን ግን አንነቅፍም። በመጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበዳሪ ነው፤ በመጨረሻ የወጣለት ቈጣቢ ነው። ቤት ለሚገዛ ሰው የሚሻለው ኋለኛው ነው፤ ገንዘቡን ሲቀበል የዕቁብ ዕዳ አይከተለውምና።

ከሁሉ ይልቅ ስለ ቀብድ ተጠንቀቁ። በ1952 ዓ. ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ባንኩ ብድሩን ሳይፈቅድ በብድር ገንዘብ ቀብድ የሚሰጥ ሰው ቤቱንም ገንዘቡንም አጥቶ ዕዳው ብቻ ሊቀርለት ይችላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭም በጽሑፍ መሆን አለበትና የቃል ተስፋ አይበቃም። ቤቱ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሳያረጋግጡ ገንዘብ መስጠት አይገባም።

ምክራችንም ይህ ነው። ባልና ሚስት በአንድነት ተቀምጠው ለባንኩ የሚከፍሉትን የወር ገንዘብ ይወቁ፤ ከዚያ ላይ አሁን የሚከፍሉትን የቤት ኪራይ ቀንሰው ልዩነቱን እስከ 6 ወር ድረስ በባንክ ያስቀምጡ። ኑሯቸው ይህን ከቻለ ብድሩንም ይችላል፤ የተቀመጠውም ገንዘብ የቅድሚያው መጀመሪያ ይሆናል። ካልቻለም ጕዳታቸውን ቤት ሳይገዙ ዐወቁት። ደግሞ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች፥ ይልቁንም ባንኮች፥ ለሠራተኞቻቸው በዝቅተኛ ወለድ ያበድራሉና ይህን መጠየቅ አያሳፍርም።

በመካከሉ የቤት ዋጋ ይጨምራል የሚሉን አሉ፤ እውነት ነው፤ አንክድም። ነገር ግን ቤት የሚገዛው ለቤተ ሰብ ዕረፍት ነውና፥ ሰላሙን ሸጦ ጣራ የገዛ ሰው አተረፈ አይባልም።