እጃችሁን ታጠቡ ተባልን፤ ሽንት ቤቱስ ወዴት ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ሽንት ቤት መናገር ሲመጣ ግን ሁሉም አፉን ይይዛል። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ኳስ ጨዋታ በየደጁ ይወራል፤ ሽንት ቤት ሲነሣ «ኧረ ነውር ነው» ተብሎ ይታለፋል። በዚህችው የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ እንኳ ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ ስፖርትና ስለ ሥነ ጽሑፍ ብዙ ሲጻፍ፣ ሽንት ቤት የሚል ቃል የወጣበት ቀን ትዝ አይለንም። ዛሬ ነውሩን ወደ ጎን ትተን አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ወረርሽኝ መጥቶ «ንጽሕናችሁን ጠብቁ» በተባለበት ሰዓት፣ ለመንገደኛውና ለሠርቶ አደሩ የሚሆን ሽንት ቤት ወዴት ነበር? ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣስ ምን ይዘን ነው የምንጠብቀው?

ነገሩን ከመነሻው እንመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ሁለት ቀን ቆይቶ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ያን ጊዜ አብዛኞቻችን ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ስልክ ስንደውል የሚቀድመን የኮሮና ምክር ነበር። በየባንኩ በር፣ በየሕንፃው መግቢያ፣ በየታክሲ ተራው ቧንቧ የተገጠመለት በርሜልና ጀሪካን ቆመ፤ ሳሙናም አብሮ ተቀመጠ። ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ውሃ እየቀዱ አላፊ አግዳሚውን ያስታጥቡ ነበር። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ማንም አይክደውም።

ነገር ግን ምክሩን ደግመን እንስማው። «ከሽንት ቤት መልስ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ» ነበር የሚለው። ይህ ምክር ሽንት ቤት ላለው ሰው የተሰጠ ምክር ነው። ሽንት ቤት የሌለው ከየት ይመለስ? በርሜሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተማውን ሞላው፤ ሽንት ቤቱ ግን እንደ ድሮው ወይ የለም፣ ወይ ተቆልፏል፣ ወይ ደግሞ አፍንጫ ይዘው የሚሸሹት ሆኗል። እጅ መታጠቢያ ብቻውን የንጽሕና ግማሽ ነው። ግማሹን ሠርቶ ሙሉ እንደ ሠሩ መቁጠር አይገባም እንላለን።

«እቤት ቆዩ» የሚለውን ጥሪም ሁሉ ሰው ሊፈጽመው አልቻለም። ጉልት የምትቸረችር እናት፣ ሊስትሮው፣ ተሸካሚው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ የሕንፃ ሥራ የቀን ሠራተኛው፣ ትራፊክ ፖሊሱ፣ ጎዳና ላይ የሚያድረው ወገናችን፣ እነዚህ ሁሉ እቤት ቢቆዩ ጾማቸውን ያድራሉ፤ ቤት የሌለውማ ወዴት ይቆያል? እነዚህ ሰዎች በደህናው ጊዜ የሚገላገሉት በሻይ ቤትና በምግብ ቤት ነበር። አንድ ሻይ ታዛለች፣ ሽንት ቤቱ ይገባል። ወረርሽኙ ሲመጣ ግን አንዳንዱ ሻይ ቤት ገበያ አጥቶ ዘጋ፣ አንዳንዱ «ከደንበኛ በቀር አናስገባም» አለ። በሌላ በኩል ታክሲና አውቶቡስ በግማሽ እንዲጭኑ ታዘዘ። ትእዛዙ ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ሰልፉ ረዘመ፣ ሰው መንገድ ላይ የሚቆምበት ሰዓት ጨመረ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰው ደጅ የሚቆይበት ጊዜ ሲረዝም የሚገባበት ሽንት ቤት አነሰ ማለት ነው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። በእንግሊዝ አገር በዚያው በ2012 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ብዙ የከተማ አስተዳደሮች የሕዝብ ሽንት ቤቶቻቸውን ቆልፈው ነበር። የጭነት መኪና ነጂውና ዕቃ አድራሹ ሥራ ላይ እያለ መግቢያ አጣ። በግንቦትና በሰኔ ሕዝቡ ወደ መናፈሻና ወደ ባሕር ዳርቻ ሲወጣ ደግሞ ቁጥቋጦው ሁሉ ሽንት ቤት ሆነ። ያለውን የሚዘጋና ከመጀመሪያው ያልሠራ መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ሰውነት ወረርሽኝ ስለመጣ ቀጠሮ አይሰጥም።

ቤት ያለውም ቢሆን ሁልጊዜ አልዳነም። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በቆዩት የቀበሌ ቤቶች አያሌ አባወራ አንድ ሽንት ቤት ይጋራል። «ርቀታችሁን ጠብቁ» ቢባልም ጠዋት ጠዋት ሁሉም ጣሳውን ይዞ የሚሰለፈው እዚያችው አንዲት በር ላይ ነው። ያቺን በር የያዘ እጅ ስንት እጅ እንደሆነ የጤና ባለሙያ አስልቶ ይንገረን።

የሁሉም ችግር ቢሆንም የሴቶቹ ይብሳል። ወንዱ፣ ነውር ቢሆንም፣ አጥር ሥር ዞር ይላል። ሴቷስ? ከማለዳ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ገበያ የምትውል እህታችን መፍትሔዋ ውሃ አለመጠጣት ነው። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጉሮሮዋ እየደረቀ ትውላለች፤ ሽንቷን ይዛ ትውላለች። በዚህ ምክንያት የሚመጣውን የሽንት ቧንቧ ሕመም ሐኪሞች ያውቁታል። የወር አበባ በመጣባት ቀንማ ሞዴስ የምትቀይርበት ጥግ ስለሌላት ሥራዋን ትታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የዕለት ገቢዋ ቀረ ማለት ነው።

በየግድግዳው የተጻፈውንም እናንብብ። «እዚህ መሽናት ክልክል ነው»፣ «አጥር ሥር መሽናት ያስቀጣል» የሚል ጽሑፍ የሌለበት ሠፈር የትኛው ነው? ከልካዩ ብዙ ነው። «ሽንት ቤት በዚህ በኩል» የሚል ቀስት የተሳለበት ግድግዳ ግን በስንት ሠፈር አይተናል? መከልከል ያለ ማሳየት አያስተምርም። ልጅ «አትሳሳት» ቢባል መልሱን አያውቅም፤ መልሱን ማሳየት ያስፈልጋል። ይህንን እኛ የማስተማር ሙያ የምንማር ሰዎች ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

አንዳንድ አንባቢ «ኮሮና እኮ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ ሽንት ቤት ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ በዋነኛነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ነገር ግን ወረርሽኝ ብቻውን አይመጣም። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. በአገራችን በተለያዩ ቦታዎች ኮሌራ ነበር፤ ብዙ ጊዜ «አተት» በሚል ስም ሲጠራ የኖረውን በሽታ ማለታችን ነው። ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በባሌ ዞን ተነሥቶ ወደ ሌሎች ቦታዎች ተዛመተ። ኮሌራ መንገዱ ግልጽ ነው፤ ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ውሃና ወደ ምግብ፣ ከዚያም ወደ ሰው አፍ ነው። ሐኪም ቤቱ በኮሮና ሕመምተኛ በተጨነቀበት ሰዓት የኮሌራ ሕመምተኛ ሲጨመርበት፣ አንዱ በሽታ ለሌላው በር ከፈተ ማለት ነው። ሽንት ቤት ያንን በር መዝጊያ ነው።

አባቶቻችን ከወረርሽኝ አንድ ነገር ተምረው ነበር። በኅዳር 1911 ዓ.ም. በዓለም የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ጭሱ በሽታ ያባርራል አያባርርም ሌላ ነገር ነው። ቁም ነገሩ ያ ትውልድ ከደረሰበት መከራ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የጽዳት ቀን ትቶልን መሄዱ ነው። ከኮሮናስ ምን ተረፈን? የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ሲገልጽ፣ በየበሩ ከቆሙት በርሜሎች ብዙዎቹ ቀድመው ደርቀው ነበር። የሚገርመው የተባበሩት መንግሥታት በ2005 ዓ.ም. የዓለም የሽንት ቤት ቀን እንዲሆን የወሰነው ኅዳር 10 ቀን አካባቢ ይውላል። ከኅዳር ሚካኤል ሁለት ቀን ቢቀድም ነው። ቀኑስ አልጠፋም፤ የጠፋው ሥራው ነው።

ምንም አልተሠራም ማለታችን ግን አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠሩ ቤት ለቤት እየዞረ ጉድጓድ አስቆፍሯል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት አኃዝ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በአገራችን ከአሥር ሰዎች ስምንቱ ያህል ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር፤ በ2020 ይህ ቁጥር ከአሥር ሰዎች ከሁለት በታች ወርዷል። ይህ የሚያኮራ ነው። ይሁንና የተቆጠረው የቤተሰብ ሽንት ቤት ነው። ሰው ከቤቱ ወጥቶ መናኸሪያ ሲደርስ፣ ገበያ ሲውል፣ ትምህርት ቤት ሲቀመጥ የማን ቤተሰብ ነው? ቤት ለቤት የተደረገው ዘመቻ መንገድ ላይ ያለውን ሰው አላገኘውም። እኛ የጎደለው እዚህ ላይ ነው እንላለን።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። የመጀመሪያው «ችግሩ የሕዝቡ ንቃት ማነስ ነው» የሚለው ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ የምትውል ሴት ንቃት አነሳት ሊባል ነው? እሷ ከሁላችንም በላይ ነቅታለች፤ ያጣችው ንቃት ሳይሆን በር ነው። ሁለተኛው «ቢሠራም ያበላሹታል» የሚለው ነው። ውሃ ያልገባለት፣ መብራት የሌለው፣ ጠባቂና ጽዳት ያልተቀጠረለት ሽንት ቤት እንኳን በሕዝብ፣ በአሥር ሰውም ይበላሻል። ባንዳንድ ከተሞች የተደራጁ ወጣቶች ሽንት ቤቱን ተረክበው፣ አጠገቡ ሻይ ወይም ሱቅ ከፍተው፣ ከተጠቃሚው ጥቂት ብር እየተቀበሉ በንጽሕና ይዘውታል። ስለዚህ መያዝ ይቻላል ማለት ነው። መክፈል ለማይችለው፣ ለጎዳና ተዳዳሪው፣ ከተማው ይክፈልለት። ለአንድ የኮሌራ ሕመምተኛ ግሉኮስ ከመግዛት ይህ ይረክሳል።

ይህ ሁሉ እኛን ሠልጣኞችን ምን ያገባናል? በጣም ያገባናል። ከዚህ ስንወጣ የምንመደበው በየወረዳው ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ለብዙ መቶ ልጆች የሕዝብ ሽንት ቤት ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንደገና መከፈት ሲጀምሩ መነጋገሪያው ጭምብልና የመቀመጫ ርቀት ነበር። ጭምብሉ ዛሬ ወልቋል። በሩ የተነቀለው፣ መወርወሪያ የሌለው፣ ወንድና ሴት የሚጋፉበት ሽንት ቤት ግን በብዙ ቦታ እንዳለ አለ። እኛ ሰሌዳ ላይ «የግል ንጽሕና» ብለን ርእስ ጽፈን፣ ልጆቹ በመስኮት ያንን ሽንት ቤት እያዩ ከተማሩ ምን ያምኑናል? ልጅ የሚማረው ከአፋችን ብቻ አይደለም፤ ከግቢውም ይማራል። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ በወር አራትና አምስት ቀን ብትቀር የምትቀረው ስንፍና ይዟት ሳይሆን የምትገባበት ስላጣች ሊሆን ይችላል። ይህን ሳንጠይቅ ሥሟ ላይ የቀሪ ምልክት ብናደርግ ፍርዳችን ጎደሎ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለማስተማር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች በምንወጣበት ጊዜ ከምንሞላው ቅጽ ጋር ሽንት ቤቱንም እንመዝግብ። ስንት ክፍል አለው? የሴቶቹ ለብቻው ነው? በሩ ከውስጥ ይዘጋል? ውሃ አጠገቡ አለ? መምህራኖቻችን ይህንን ከልምምዱ ሪፖርት ውስጥ እንዲያስገቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፣ የዘንድሮውን ኅዳር 12 ቆሻሻ በማቃጠል ብቻ አንለፈው። የግቢያችንን ሽንት ቤቶች በር እንጠግን፣ ጉድጓዱን እናስመጥጥ፣ ውሃ የማይደርስበት ዘንድ በርሜል እናስቀምጥ። መዶሻና ሚስማር ከያዝን የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ የከተማችን ማዘጋጃ ቤት አዲስ መናኸሪያና ገበያ ሲከፍት ሽንት ቤቱን መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ይሥራ፤ የጽዳት ሠራተኛዋን ደመወዝም በበጀቱ ይያዝ። ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚዘጋው ሳይሆን መጨረሻ የሚዘጋው ሽንት ቤት ይሁን። የሻይ ቤትና የሆቴል ባለቤቶችም በክፉ ቀን በራቸውን ቢከፍቱ ከተማው የውሃና የሳሙና ዋጋ ይደጉማቸው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ነው ነገሩ። ሌላ ወረርሽኝ አይመጣም ብሎ ዋስ የሚሆን የለም። በርሜሉን ለማቆም አንድ ሳምንት በቅቷል፤ ሽንት ቤት ግን ጉድጓድ ይፈልጋል፣ ግንብ ይፈልጋል፣ ቧንቧ ይፈልጋል፣ በወረርሽኝ ማግሥት አይደርስም። በደህናው ቀን ነው የሚቆፈረው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሠልጣኝም ሆነ መምህር ሐሳብ ቢኖረው በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ የተሻለ መንገድ የሚያሳየን ቢኖር ደስ ይለናል። መዶሻ ያለው ግን ለኅዳር 12 ይዞ ይምጣ።

ከሠልጣኝ መምህራን