የአያቴ በር ፎቶ የለውም

በዚህ እትም ስለ ፎቶ ያለኝን አስተያየት ልጽፍላችሁ ነው። ስለ ሰልፊ አይደለም። ስለ በር፣ ስለ ግድግዳና ስለ ደረጃ ፎቶ ነው። አትሳቁ፣ መጀመሪያ አንብቡት።

አያቴ ፒያሳ አካባቢ በጭቃ ቤት ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ኖራለች። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ የእሷም ቤት አብሮ ፈረሰ። አሁን የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃው ቤት ውስጥ ነው፣ ሽንት ቤቱም የግሏ ነው፣ በዚህ አታማርርም። ደረጃው ግን ጉልበቷን ይዟታል።

አንድ እሁድ ቡና እያፈላች “ያ በራችን በፎቶ ይኖር ይሆን?” ብላ ጠየቀችኝ። የትኛው በር እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ወተት የምታመጣላት ሴትዮ በመጣች ቁጥር አያቴ ከበሩ ጀርባ በከሰል አንድ መስመር ታሰምር ነበር። ወሩ ሲያልቅ ሁለቱም ቆመው መስመሩን ይቆጥሩና ሒሳቡ ይከፈላል፤ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ግን ከሰል ሙልጭ ብሎ አይጠፋም። የስንት ዓመት ወተት በዚያ እንጨት ላይ ግራጫ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

አልበሙንም የእናቴንም ስልክ ፈለግን። 61 ፎቶ ቆጠርኩ። ክርስትና አለ፣ ሰርግ አለ፣ ልደት አለ፣ የአጎቴ ምርቃት አለ። ሁሉም ላይ ሰው ተደርድሮ ቆሟል። በሩ የታየው አንዱ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በአጎቴ ትከሻና በአክስቴ ነጠላ መካከል፣ ከመጽሐፍ ጠርዝ የማይበልጥ። አያቴ መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችውና “መስመሩ አይታይም” ብላ መለሰችልኝ።

እኔ መንገድ መስፋቱን አልቃወምም። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ደስ ይላል፣ ማታ መብራቱ ሲበራ እኔም እሄድበታለሁ። የምለው ሌላ ነው። ቤት ለማፍረስ አንድ ቀን ይበቃል፤ ፎቶ ለማንሳት ደግሞ አንድ ደቂቃ። እኛ ያቺን አንድ ደቂቃ ነው ያጣነው፤ ለዚህ ደግሞ ከራሳችን ሌላ ማንንም መውቀስ አልችልም።

ይህን ለክበባችን ቲቸር ስነግራቸው ስለ አንድ ፈረንሳዊ አጫወቱኝ። ስሙ ኡጄን አትጄ ይባላል። ከመቶ ዓመት በፊት በፓሪስ ከተማ በማለዳ እየተነሳ፣ ከባድ የእንጨት ካሜራና የመስታወት ፊልም ተሸክሞ ይዞር ነበር። ያነሳው ትልልቅ ሰዎችን አልነበረም። የሱቅ መስኮት፣ የበር እጀታ፣ ያረጀ ደረጃ፣ የግቢ ጉድጓድ ነው። ፎቶውን ለሠዓሊዎችና ለቤተ መጻሕፍት እየሸጠ ነበር የሚኖረው። እ.ኤ.አ. በ1927 ሲሞት ብዙም ሰው አያውቀውም ነበር። ካነሳቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ ያሉት ፎቶው ላይ ብቻ ነው።

በእኛም አገር ፎቶ አንሺ ጠፍቶ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ጊዜ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሥራውን ቀጥለዋል። የነገሥታቱና የመኳንንቱ ፊት ዛሬ የሚታወቀው በእንደነዚህ ሰዎች ሥራ ነው። የወተት ሒሳብ የተሰመረበትን በር ግን ማን ያንሳው? ለእሱ የቤተ መንግሥት ሰው አይመጣም። እዚያው ሰፈር ያለ ልጅ ነው ማንሳት ያለበት።

ስለዚህ በወንድሜ ስልክ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ እየሄድኩ ማንሳት ጀመርኩ። ሲጀመር ምንም የሚነሳ ነገር የለም ብዬ ነበር። ቀስ ብዬ ስሄድ ግን አየሁ። መሀሉ የተበላ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ስንት ሰው ቢረግጠው ነው ድንጋይ እንደዚያ የሚጎደጉደው? ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ አለ፤ ከላይ ሮዝ፣ ከሥር ሰማያዊ፣ ከዚያ ሥር አረንጓዴ። አዲስ ስም የተጻፈበት የሱቅ ቆርቆሮ አለ፤ የድሮው ስም ከሥሩ ብቅ ብሎ ይነበባል። የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት አለ፤ ጣውላው ጠርዝ ላይ እንደ ጥልፍ ተቀርጿል። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ስንጥቁም ቀለሙም ቁልጭ ብሎ ይታያል። በስድስት ሰዓት ከሄዳችሁ ግን ሁሉም ነገር ልሙጥ ነው የሚመስለው፣ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

አንድ ቀን ግን ተቆጡኝ። የዛገ የቆርቆሮ አጥር ሳነሳ አንዲት እናት ከውስጥ ወጥተው “አንተ ልጅ፣ ድህነታችንን ልታሳይ ነው?” አሉኝ። በጣም አፈርኩ። ይቅርታ ጠይቄ ፎቶውን እያዩኝ አጠፋሁት። እሳቸው ልክ ናቸው። ሳያስፈቅዱ የሰው ቤት ማንሳት ስርቆት ይመስላል፤ ቆሻሻውን ብቻ እየመረጡ ማንሳት ደግሞ ስድብ ነው። ከዚያ ስለ አያቴ በር ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና “ና ግባ፣ እሱን አንሳ” ብለው ባለቤታቸው በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ የሠራውን የጤና አዳም መትከያ አሳዩኝ። ከፎቶዎቼ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ “አሮጌ ነገር ምን ያደርጋል? አዲሱን ፎቅ አንሳ” ይሉኛል። ፎቁ እኮ የትም አይሄድም! ነገም ከነገ ወዲያም አለ። በዚያ ላይ እሱን ሁሉም ሰው ያነሳዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ ልምጣ። አሮጌው ብሎክ በክረምት ይታደሳል ተብሏል። ጥሩ ነው፣ ዝናብ ያስገባል። ነገር ግን የአንደኛ ክፍል በር ላይ ስንት ስም እንደተቀረጸ አይታችኋል? (መቅረጽ ክልክል ነው፣ አውቃለሁ ቲቸር።) ከስሞቹ አንዱ የእናቴ ነው፤ እሷም እዚሁ ነው የተማረችው። በሩ ሲቀየር ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህንን ነው። ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ አንድ መምህር በስልካቸው ይተባበሩን። በሩን፣ ጥቁር ሰሌዳውን፣ የተበላውን የመግቢያ ደረጃ፣ ደወል ሆኖ የሚያገለግለውን ብረት እናንሳ። እያንዳንዱን ፎቶ አሳትመን ቀኑንና ቦታውን ከጀርባው በእስክርቢቶ እንጻፍበት፤ ስልክ ይጠፋል፣ የእናቴ ስልክ አንዴ ታክሲ ውስጥ ተሰርቆ የሁለት ዓመት ፎቶ ይዞ ሄዷል። ከዚያ በዚህ መጽሔት የሚቀጥለው እትም ላይ በሙጫ እንለጥፋቸው።

መምጣት የምትፈልጉ ስማችሁን ለክበቡ ጸሐፊ ስጡ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይዋ ከጎን ሳለች፣ አሮጌው ብሎክ ጋ እጠብቃችኋለሁ።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ለ