ስሜንን በእግር ወይስ በመኪና?

ማለዳ ከጎንደር የተነሳ መኪና በዚያው ቀን በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ካለው የጨነቅ ካምፕ ይደርሳል። ከ2,100 ሜትር ግድም ተነስቶ 3,620 ሜትር ላይ ያቆማል ማለት ነው። ከደባርቅ በእግሩ የተነሳ ተጓዥ ግን ሳንቃ በርና ግጭ ካምፖች አድሮ ጨነቅ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነው። የትኛው ይሻላል? ጥያቄው የጊዜና የገንዘብ ብቻ ይመስላል። የተጓዡ ጤና፣ የአካባቢው ሰው እንጀራና የፓርኩ ደኅንነት ግን አብረው ይገቡበታል።

በመኪና ይሻላል የሚሉ ሰዎች በቂ ምክንያት አላቸው። ዋሊያ ከስሜን ሌላ የትም የለም፤ እሱን ማየት የወጣትና የጉልበተኛ ብቻ ዕድል መሆን የለበትም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት፣ ልጅ የያዘች እናት፣ ከሥራ የሁለት ቀን ፈቃድ ብቻ ያገኘ የአዲስ አበባ ሰው መንገዱ ባይኖር ጨነቅን አያዩትም። መንገዱ ደግሞ ለጎብኚ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ የገበሬው እህል ወደ ገበያ፣ ሕመምተኛውም ወደ ሕክምና የሚሄዱት በእሱ ነው። የከፍታ ሕመም ክፉኛ የጣለው ሰው ዋና መድኃኒቱ ቶሎ መውረድ ስለሆነ፣ ለእሱም ቢሆን መኪና ነፍስ አድን ነው።

በእግር የሚሉት ወገኖች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሱት ሰውነትን ነው። በጨነቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚገባው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ሰውነት ይህን ይለምዳል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመክራሉ። ጎንደር አድሮ በማግሥቱ ጨነቅ የሚያድር ሰው 1,500 ሜትር በአንድ ጊዜ ዘለለ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የሚጀምሩት እንዲህ ባለው ሌሊት ነው። ሕመሙ ችላ ተብሎ ሲብስ ሳንባ ውኃ ይቋጥራል፣ አንጎል ያብጣል፤ ይህ ደግሞ ይገድላል።

ከጤናው ሌላ፣ የሚታየውም ይለያያል። እግረኛ የገብሱን ማሳ አልፎ ወደ አስታው ጫካ፣ ከዚያም ጓሳና ጅብራ ወደሞላው ሜዳ ይወጣል። የጭላዳ ዝንጀሮዎች መንጋ አጠገብ ቁጭ ካለ፣ ሣሩን በጣቶቻቸው ነጭተው ሲያኝኩ ድምፁ ይሰማዋል። ገንዘቡም እንደዚያው ነው። በእግር የሚሄድ ሰው በየቀኑ ለአጃቢው ስካውት፣ ለመሪው፣ ለምግብ አብሳዩ፣ ለባለበቅሎው ይከፍላል፤ የመኪና ጎብኚ ገንዘብ ግን አብዛኛው ጎንደር ይቀራል። በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ ወዲህ በመጣው ግጭት ጎብኚ ለራቃቸው የደባርቅ ሰዎች ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

መንገዱ ፓርኩንም ይነካዋል። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። በፓርኩ መሐል የሚያልፈው መንገድ ለዓመታት ሲያሳስብ ኖሯል፤ ከፓርኩ ውጪ ተለዋጭ መንገድ እንዲሠራ ሲጠየቅ የቆየውም ለዚህ ነው።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ ምን ያደርገናል?» የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ ግን በከፊል። እ.ኤ.አ. በ2002 በሲንቲያ ቢል መሪነት የታተመ ጥናት፣ እዚያው ስሜን ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩት የአምባራስ ሰዎች የሄሞግሎቢናቸውም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን መጠን በባሕር ወለል ካለ ሰው እንደማይለይ አሳይቷል። ይህ ግን እዚያው ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ውጤት ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ 2,300 ሜትር ላይ ስለሚኖር ጥቂት ይቀድማል እንጂ ጨነቅን አልለመደም። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ደግሞ ከማንኛውም የቆላ እንግዳ እኩል መጠንቀቅ አለበት።

ሁለቱን ስመዝን፣ ፍርዱ ተጓዡ የት ያድራል በሚለው ላይ ይወድቃል። ሰውነትን የሚፈትነው በዋናነት የሚያድሩበት ከፍታ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው በመኪና ወጥቶ ዋሊያውን አይቶ ደባርቅ ወርዶ ቢያድር አልተሳሳተም፤ ስካውቱንና መሪውን ከዚያው ይቅጠር። የተሳሳተው በመኪና ወጥቶ የመጀመሪያ ሌሊቱን ጨነቅ የሚያድረው ነው። ራስ ደጀንን የሚያስብ ግን አቋራጭ የለውም። ከጨነቅ ወዲያ የቧሂት ተራራን ትከሻ ተሻግሮ ወደ መሸሃ ወንዝ ይወርዳል፤ እዚያ ሲታመም ወደ ጨነቅ ለመመለስ እንደገና 4,200 ሜትር ድረስ መውጣት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ደባርቅ ይደር፣ ሳንቃ በርና ግጭ ይደር፣ በእግሩ ይሂድ። ራሱን ካመመውም አይደብቅ፤ ለመሪው ይንገር፣ ሳይሻለው አንድ ሜትር አይጨምር።