«ገና ነው» አንበል

ልጅዎ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ከገባች «ለዩኒቨርሲቲው ገና አራት ዓመት አለ» ይሉ ይሆናል። እኔም በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ እንዲሁ ብዬ ነበር። 11ኛ ክፍል ሲደርስ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነ። «ሐኪም ነው የምትሆነው» ብዬ እኔው መረጥኩለት፤ የሒሳብ መሠረቱ ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የላላ ነበር። በ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት ቢያንስ 50 በመቶ ያስፈልጋል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያመለጠንን ስናሳድድ ከረምን።

ስለዚህ በ9ኛ ክፍል የሚከብዳትን ትምህርት ለይተው ያስጠኗት። በ10ኛ፣ ምርጫው ሳይደርስ፣ የምትመኘውን ሙያ ከሚሠራ ሰው ጋር ያገናኟት። በቀሩት ሁለት ዓመታት ያለፉ ፈተናዎችን እየሠራች ትለማመድ። ምርጫው ግን የእሷ ይሁን፤ የምትማረው እሷ ናትና።